የተዘጋው ምንድን ነው?

ስልካችሁ ላይ «ተዘግቷል» የሚል መልስ ቢደርሳችሁ ምን ትረዳላችሁ? ልጅቷም የተረዳችው እናንተ የተረዳችሁትን ነው። ጉድጓዱ ተከድኗል ብላ አመነች። የእምነቷን ዋጋ ግን ጓደኛዋ በእግሯ ከፈለች።

አሁን ልጅቷ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። በእጇ የኮምፒውተር መምህሯ የጻፉላትን ንግግር ይዛለች። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ የከተማዋ ካርታ አረንጓዴ ነጠብጣብ ለብሷል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ነዋሪ በስልኩ ጠቁሞ «ተዘግቷል» የተባለ ችግር ነው። ዛሬ ከተማዋ «ብልህ ከተማ» ተብላ ትሸለማለች፤ ለትምህርት ቤቷ የኮምፒውተር ክበብም ኮምፒውተሮች ይሰጣሉ።

ከነጠብጣቦቹ አንዱ የእሷ ነው። የጠፋ መብራት ወይም የሚያፈስ ቧንቧ ካየች ፎቶ አንስታ ሳትልክ ስለማታልፍ፣ የክፍሏ ልጆች «ከንቲባዋ» እያሉ ያሾፉባታል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ እንደጠፋ የጠቆመችውም እሷ ናት። በማግስቱ መልስ መጣላት፤ ተዘግቷል።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ። ጓደኛዋ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ በጉድጓዱ በኩል በሚያልፈው አቋራጭ መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀቻት። እሷም ስልኳን አሳየቻት። «ሂጂ፣ ተዘግቷል» አለቻት።

ደፍራሹ ጎርፍ መንገዱንም ጉድጓዱንም አንድ አድርጎት ነበር። ከጉድጓዱ አፍ የወጣ ብረት የጓደኛዋን ባት ዘነጠለው። ቁስሉ በፍሳሹ ተመረዘና ሐኪሞቹ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

መምህሩን ስትጠይቃቸው በትዕግሥት አስረዷት። ጥቆማው የደረሰው የመንገድ ክፍሉን ነው። ጉድጓዱ ግን የፍሳሽ ክፍሉ ሥራ ስለሆነ ወደዚያ ተመራ፤ ሲመራ ደግሞ ሲስተሙ በራሱ ዘጋው። «የተዘጋው ጥቆማው ነው እንጂ ጉድጓዱ አይደለም» አሏት፣ የሰዋስው ስህተት እንደሚያርም ሰው። ታዲያ ለምን «ተመርቷል» አይባልም ስትላቸው፣ እንደዚያ ከሆነ ካርታው ቢጫ ይሆናል አሉ። ቢጫ ካርታ የሚሸልም ደግሞ የለም። ብልህነት ማለት ይህ ከሆነ ሞኝነት በስንት ጣዕሙ!

ትናንት ጓደኛዋን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ያቺ ልጅ አንድም ቀን «በአንቺ ነው» ብላት አታውቅም፤ ብትላት ይቀላት ነበር። አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች፣ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ በአገጯ እያመለከተች፣ «አንቺ ከንቲባ፣ እስቲ ስልክሽን እዪልኝ፤ እግሬም ተዘግቷል ይላል?» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። የጓደኛዋ እናት ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሳቁም እዚያው ቀረ።

መምህሩ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እያየሽ ማንበብ ብቻ ነው» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስለዚያ ነገር ዛሬ ቀኑ አይደለም።»

«ቀኑ መቼ ነው፣ ቲቸር?»

መምህሩ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ወደ መድረኩ ስትወጣ ተጨበጨበላት። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ፈገግ አሉላት። ንግግሩን አየችው፤ የመጀመሪያው ቃል «ምስጋና» ይላል። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለውን አረንጓዴ ነጥብ እዩልኝ» አለች። «ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ቅርንጫፍ ተክሎበት ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል አስሯል፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት። ጓደኛዬ እዚያ እግሯን አጥታለች። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ እኔን ተዘግቷል ያላችሁኝ ደግሞ እናንተ ናችሁ።»

ከመድረኩ ወረደችና ማይኩን ለኃላፊው ዘረጋችላቸው።

«የተዘጋው ምንድን ነው? ቢሮ ጠርተው ለብቻዬ እንዳይነግሩኝ፣ ጌታዬ። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ።»