ዘንድሮ አልስቅም

«...ከዚያማ ይቺ ጉደኛ እንደ መልህቅ ጥልቅ! በጸጉሯ ጎትቼ ነው ያወጣኋት!»

አጎቷ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ሻዩ ከብርጭቆው ተፈናጠረ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። አባቷም ሳቀ። እናቷ የጫማዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ፈገግ አለች። ነገሩ አምና እዚሁ ደሴት ላይ ከደረሰ ወዲህ በየዘመድ ቤቱ ተወርቷል፤ በተወራ ቁጥር ጨው ይጨመርበታል። ልጅቱም በአሥራ አራት ዓመቷ «መልህቅ» ተብላ ቀርታለች።

ሁልጊዜ አብራቸው ትስቃለች። ዛሬ ከንፈሯ እንቢ አላት።

እናቷ ተነሳች። «በሉ፣ እኛ በጀልባ ማዶ ደርሰን ከሰዓት እንመለሳለን። አንቺም ትንሹም ከአጎታችሁ ጋር ዕረፉ።»

«ሂዱ፣ ሂዱ! እኔ እያለሁ ምን ያሳስባችኋል?» አለ አጎቷ፣ ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ።

ትንሽ ወንድሟ ከጎኗ ዳቦውን በማር እየነከረ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዋና አይችልም።

«አይሆንም» አለች ልጅቱ።

አባቷ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ወንድሜን ለእሱ ትታችሁ አትሄዱም።»

አጎቷ ከአንገት በላይ ሳቀ። «ምነው መልህቄ፣ በግራ ጎንሽ ነው እንዴ የተነሳሽው?» ከጠረጴዛው ስር በእግሩ እግሯን ጫን አደረገ። እሷ እግሯን ሰበሰበች።

አምና አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ነበር የለመናት። «እናትሽ ከሰማች አብዳ ነው የምትቀረው። ለእሷ ስትይ!» ለእናቷ ብላ ዋጠችው። ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ እንደምትሆን ግን ማንም አልነገራትም።

«አምና የሰመጥኩት እኔ አይደለሁም» አለች። ወደ አጎቷ ጠቆመች። «እሱ ዛፍ ስር ተኝቶ ነበር። የሰመጠው ወንድሜ ነው። ገብቼ ያዝኩት፤ አፉ ከውሃ በላይ እንዲሆን ቀና አድርጌ ያዝኩት። ሁለታችንንም ያወጣን ጀልባ ቀዛፊው ነው። አጎቴ የነቃው በጩኸቱ ነው።»

የማረፊያው ባለቤት ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ሹልክ አለች።

«ነውር ነው!» አባቷ ተቆጣ። «ትልቅ ሰው በሰው ፊት ይዋረዳል?»

«እኔስ ዓመቱን ሙሉ በሰው ፊት ስዋረድ?»

«ይቅርታ ጠይቂ!»

«አልጠይቅም።»

አባቷ አፉን ሲከፍት እናቷ በእጇ አስቆመችው። ወደ ገዛ ወንድሟ፣ ወደ አጎትየው ዞረች። «አንተ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

አጎቷ ብርጭቆው ውስጥ የጠፋ ነገር የሚፈልግ መሰለ። «ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ... ወዲያው ደግሞ ተርፈው...»

እናቷ ቁጭ አለች። ትንሹን ስባ እቅፍ ስታደርገው ማሩ ቀሚሷ ላይ ተለደፈ። ወደ ልጅቱ ቀና አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታብዳለች ስላለኝ።»

«ባብድስ!» አለች እናቷ፤ እንባዋ መጣ። «ባብድስ ምናለበት!»

ጀልባው ሳይወስዳቸው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ዳር ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀመጠች። ትንሹ ውሃው ጠርዝ ላይ አሸዋ ይቆልላል፤ እናታቸው እስከ ጉልበቷ ገብታ ከጎኑ ቆማለች። አባቷ ከጠዋት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰላትም። በአጠገቧ ሲያልፍ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ደፋላትና መንገዱን ቀጠለ።

ቆይቶ አጎቷ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። እንደ ተማሪ ቆመ።

«አንቺ ገብተሽ ዋኚ» አለ። «እኔ አየዋለሁ።»

«ዛሬ አይሆንም።»

«ልክ ነሽ።» ጫማውን ከእጅ እጅ አቀያየረ። «ለሰውም እኔው ራሴ እነግራለሁ። እውነቱን፣ እንዳለ።»

ሊሄድ ዞር ሲል ጀርባውን ለጥቂት አየችው፤ ከዚያ እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችለት።

«ተቀመጥ። ግን ጋደም ማለት የለም።»

«እሺ» አለና ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እሷ ዓይኗን ወደ ወንድሟ መለሰች።