መንታ ሲተኛ

ናድራ በሩን ስትዘጋበት ድመቱ አልጮኸም። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አንድ እግሩን ብቻ አውጥቶ አቧራውን ጫር ጫር አደረገ።

«ዛሬ የትም አትሄድም» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ተቆጣኝ ከፈለግክ። ግን አትሄድም።»

መቀርቀሪያውን ገፋችው። ክፍሏ ጠፍጣፋው የቤታቸው ጣራ ጥግ ላይ ያለች፣ እናቷ ለምድጃ የሚሆን የደረቀ የሸንኮራ ቅጠል የምታከማችባት ጠባብ የጭቃ ክፍል ናት። ውስጥ ውሃ አስቀምጣለታለች፤ ከምሳዋ የደበቀችውን ዓሣም ጨምራለች። ለነገው ዳቦ የሚበቃውን ቅጠል ቀድማ ለእናቷ ወደ ታች አውርዳለች። ፀሐይ ከዓባይ ማዶ ልትጠልቅ ተቃርባለች። ከታች፣ ከእርሻው ወደ ስኳር ፋብሪካው የሚሄደው ትንሹ የሸንኮራ ባቡር እየተንገጫገጨ ሲመጣ ናድራ ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች። ባቡሩ ርቆ እስኪሄድ ድረስ እጇን አላወረደችም።

ታሃን የወሰደው ያ ባቡር ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በሚሄድ ፉርጎ ላይ ተንጠልጥለው ሸንኮራ ይመዛሉ። ታሃ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ተባሯል፣ ሲጋራ ጀምሯል፣ አባቱ ሲቆጣው ጣራ ላይ ያድራል። የዚያን ቀን ፉርጎው ድንገት ዘለለ፤ እጁ አመለጠው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በለቅሶው ቀን ናድራ ለሴቶቹ ውሃ ስታቀብል ዋለች። እናቱን ያቅፋሉ፣ አክስቶቹን ያቅፋሉ፣ ከእሷ እጅ ብርጭቆ ተቀብለው ይጠጣሉ። ማንም «አይዞሽ» አላላትም። ምኑ ናት? የጎረቤት ልጅ ናት። ታሃ በጣራዎቹ መካከል ባለው አጥር ላይ ተቀምጦ ስንት ማታ እንዳዋራት የሚያውቅ የለም። ቢያውቁ ኖሮ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር።

ድመቱ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ግራጫ፣ ቀጭን፣ ዓይኑ ሰፊ። ቀጥ ብሎ መጥቶ ያው አጥር ላይ፣ ታሃ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ናድራ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አለቀሰች።

ምክንያቱም እዚህ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነገር አለ። መንታ ሆኖ የተወለደ ሰው ተርቦ ከተኛ ነፍሱ በድመት አምሳል ትወጣለች፤ በየጣራው ስትዞር ቆይታ ስትመለስ ነው የሚነቃው። እስክትመለስ አይቀሰቀስም፣ ከተኛበትም አይነሳም። ከመሸ በኋላ ድመት የሚመታ ሰው የማይገኘውም ለዚህ ነው። ታሃና ያሲን መንታ ናቸው። የሚወጣው ደግሞ ታሃ እንደሆነ ራሱ ለዓለም ያወራ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ «ሚያው!» ካለ ታሃ ነበር ዘሎ የሚነሳው። «ማነው እሱ? እኔ ነኝ ድመቱ! ዛሬ ማታ መጥቼ አፍንጫህን ባልቧጥረው!»

ለናድራ ሲነግራት ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

«ትናንት ማታ በሰማያዊው ብርድ ልብስ ተጠቅልለሽ ጂኦግራፊ ስታጠኚ ነበር» አላት አንድ ቀን። «ደግሞ መጽሐፉን ታቅፈሽ እንቅልፍ ወሰደሽ።»

«አትሸውደኝ! በመስኮት አጮልቀህ ነው።»

«መስኮታችሁ የሚያየው ግድግዳ ነው እኮ። አቦ እመኚኝ።»

«እሺ፣ ድመት ከሆንክ ለምን ገብተህ አትቀሰቅሰኝም ነበር? ነገ ፈተና ነው እኮ።»

ታሃ አንገቱን አቀረቀረ። «ስትተኚ ታምሪያለሽ» አለ።

እና ናድራ እንዲህ አሰበች፦ ሥጋው ቢቀበርም ነፍሱ ወደ እኛ ጣራ የሚመጣበትን መንገድ ያውቀዋል። ማታ ማታ ድመቱን እቅፏ ውስጥ አድርጋ በሕይወት እያለ ያልነገረችውን ሁሉ ነገረችው። ከኩዌት መደወል ስላቆመው አባቷ ነገረችው። እንደምትወደውም ነገረችው። ድመቱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ሊነጋጋ ሲል ተነስቶ ይሄዳል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን እናቷ ለነገው ሊጥ እያቦካች፣ «ነገ አርባው ነው» አለች። «እስከ አርባ ነፍስ ቤቷ ደጃፍ ላይ ናት ይባላል። ከዚያ በኋላ ትሸኛለች፤ አትመለስም። አላህ ይማረው፣ ምስኪን ልጅ።»

ናድራን አላስችል አላት። ድመቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ፣ ሳይመሽ ሲመጣ ጊዜ በሩን ዘጋችበት። ከተቆለፈ በየት በኩል ይሸኛል?

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ጣራው ላይ በፀሐይ ኩፍ ብሎ የተጋገረውን ዳቦ በትሪ ተሸክማ እናቷን ተከትላ ወደ ታሃ ቤት ገባች። ለአርባው የተሰበሰቡ ሴቶች ግቢው ውስጥ መሆን ሲገባቸው ሁሉም በአንድ ክፍል በር ላይ ታፍገው ቆመዋል። ቁርአን የሚቀራው ሰውዬ ብቻውን ሻይ ይዞ ግራ ተጋብቶ ተቀምጧል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች የናድራ እናት።

«ያሲን አልነቃ አለ» አለቻት አንዷ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ትናንት ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደተኛ ነው።»

ናድራ በትከሻዎች መካከል አሾልካ አየች። ያሲን ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል። ከቀብሩ ወዲህ ፊቱን በደንብ አይታው አታውቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲተኛ፣ መምህሩ «ያሲን፣ ትራስ እናምጣልህ?» ሲሉት፣ እሷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትዞራለች። ፊቱ የታሃ ፊት ነዋ።

ከጤና ጣቢያ የተጠራው ነርስ የልጁን እጅ ይዞ ተንበርክኳል። «ልቡ ይመታል፣ ግን በጣም ደክሟል። አባቱ መኪና ይዞ ሲመጣ ወደ ከተማ ሆስፒታል እናደርሰዋለን። እስቲ ከዚያ በኩል ያዙልኝ፣ እናንሳው።»

«ማንም እንዳይነካው!»

የጮኹት ኡም ታሃ ናቸው፤ የመንታዎቹ እናት። ልጃቸው ላይ ሊወድቁበት እስኪደርሱ አጎንብሰው በሁለት እጃቸው ከለሉት።

«እናቴ፣ ጊዜ የለንም» አለ ነርሱ።

«ነፍሱ ውጭ ናት! ካነሳኸው በምን ታውቀዋለች? ወዴት ትመለሳለች?»

«ኡም ታሃ፣ እህቴ፣ ተረጋጊ» አለች የናድራ እናት ትሪውን ከልጇ እጅ ተቀብላ እያስቀመጠች። «የሚወጣው እኮ ነፍሱን ይማረውና ታሃ ነበር። ያሲን ወጥቶ አያውቅም።»

ኡም ታሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል።

«ታሃ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም። ሲወለዱ አባታቸው እንዳይወጡ ብሎ የግመል ወተት አስመጥቶላቸው ነበር። ታሃ ጠጣ፣ ያሲን ተፋው። የሚወጣው ያሲን ነው። ትምህርት ቤት ሲገቡ ልጆቹ ‹ሚያው› እያሉ አስለቀሱት። ማታ አልጋውን ማርጠብ ጀመረ። ታሃ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድመቱ እኔ ነኝ። እኔ ልማታለት።› ያሲን የሚያየውን ጠዋት ጠዋት ይነግረዋል፤ ታሃ ደግሞ እኔ ነኝ ያየሁት ብሎ ያወራል። እስኪሞት ድረስ ወንድሙን በዚህ ሸፈነው።»

ናድራ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ያየው ታሃ አይደለም።

«በአላህ ይዣችኋለሁ» አሉ ኡም ታሃ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «በየቤታችሁ እዩልኝ። የተዘጋበት ድመት እንዳለ እዩልኝ። አንዱን ቀብሬያለሁ። ይሄን አትውሰዱብኝ።»

ሴቶቹ ሲበታተኑ ናድራ በሩጫ ወጣች። የቤታቸው ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ዘገየ። ጣራው ላይ ፀሐዩ በርትቷል። ከተዘጋው ክፍል ምንም አይሰማም። መቀርቀሪያው ላይ እጇን አሳርፋ ቆመች።

ሁለት ነገር ነው ያለው። በሩን ካልከፈተች ታሃ ውስጥ አለ። ውስጥ እንዳለ ማመን ትችላለች፤ ማታ ትመጣለች፣ ታቅፈዋለች፣ ታወራዋለች። ከከፈተች ግን ታሃ እዚህ የለም ማለት ነው። እዚህ ኖሮም አያውቅም ማለት ነው። ያን ሁሉ ማታ ያቀፈችው ታሃ ካልሆነ፣ ታሃ የት ነው? የት እንዳለ ታውቃለች። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቦታ ነው፤ በረሃው ጫፍ ላይ፣ ስሙ በቀለም የተጻፈበት ድንጋይ ሥር።

ግንባሯን እንጨቱ ላይ ደገፍ አደረገች።

«ታሃ?» አለች።

ምንም።

«ያሲን?»

ከውስጥ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

ናድራ ልቅሶዋን በእጇ መዳፍ አፍና በሌላው እጇ መቀርቀሪያውን ሳበችው። ድመቱ ወጣ። ዓሣው እንዳለ ነው፤ አልነካውም። በሩ ውስጡ በጥፍር ተቧጥሯል። ደጃፉ ላይ ለአፍታ ቆሞ ቀና ብሎ አያት። እንደለመደችው ልታነሳው እጆቿ ተዘርግተው ነበር፤ መልሳ ወደ ጀርባዋ ወሰደቻቸው።

«ሂድ» አለችው። «እናትህ እያለቀሱ ነው። በቃ ሂድ።»

ድመቱ አጥሩን ዘሎ በጣራዎቹ ላይ ሮጠ። ናድራ አልጠራችውም። እንጨቱን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከታች፣ ከእነ ታሃ ግቢ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ፦ «ያው! ያው በዚያ በኩል! አትንኩት፣ መንገድ ልቀቁለት!»

ናድራ ወደ ታሃ ቤት ተመልሳ ስትገባ ያሲን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ነርሱ የስኳር ውሃ በማንኪያ እያጠጣው ነው፤ ከበር ውጭ የአባቱ መኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሴቶቹ ከፊሉ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ከፊሉ ያለቅሳሉ።

«ነቃ ብሏል፣ ጥሩ ነው» አለ ነርሱ። «ሆስፒታል ግን መሄድ አለበት። ይሄ ልጅ የሚበላ ልጅ አይደለም።»

«የት ነበርክ ልጄ?» አሉ ኡም ታሃ ጉንጮቹን በሁለት እጃቸው ይዘው። «የት ሄደህ ነው?»

ያሲን ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። «እሱን እየፈለግኩት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሁልጊዜ እፈልገዋለሁ። በየጣራው። የለም፣ እማ።» ማንኪያውን በእጁ ገፋ። «ትናንት ግን መውጫ አጣሁ። የሸንኮራ ቅጠል ይሸት ነበር።»

ኡም ታሃ ቀና አሉ።

«ድመቱ የወጣው ከእነ ናድራ ጣራ ነው» አለች ቅድም ግቢው ውስጥ የጮኸችው ሴት። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

የሁሉም ፊት ወደ በሩ ዞረ። የናድራ እናት አጠገቧ ቆማለች፤ የልጇን ቀሚስ ከኋላ በኩል በጣቷ ያዝ አደረገችው።

«ሊጡን እየነካ አስቸግሮን ነው» አለች እናቷ ቶሎ ብላ። «ልጅ ናት፣ ሳታስብ ነው የዘጋችበት። አይደል ናድራ? ለሊጡ ብለሽ ነው አይደል?»

ኡም ታሃ ግን እናቷን አልሰሙም። የሚያዩት ናድራን ነው፤ ያበጡ ዓይኖቿን፣ ቀሚሷ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ፀጉር።

«ለምን ዘጋሽበት ልጄ?»

አንድ «አዎ» ብትል ያልፋል። እናቷም ትድናለች፣ እሷም ትድናለች፤ ነገ በየምድጃው ዙሪያ ስሟ አይነሳም። ያሲን ግድግዳውን እንደተደገፈ ያያታል። ማታ ማታ ለድመቱ የነገረችውን ሁሉ ያውቃል፤ እና ምንም አይናገርም፣ ገብቷታል።

ናድራ የእናቷን ጣቶች ከቀሚሷ ላይ ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው።

«ታሃ መስሎኝ ነው» አለች።

ኡም ታሃ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የለቅሶ ጥቁራቸውን ሰብሰብ አድርገው ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ አሉ፤ በእሳቸውና በያሲን መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ሆነ።