«ማጽዳት» ይሉት ነበር

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 የካቲት ወር፣ በቺሌ ደቡብ በአይሴን ምድር፣ ዶኛ ክሎሪንዳ እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሥታ ምድጃውን አቀጣጠለች፤ ሊጡን ማሸት ስትጀምርም ባሏ ዶን ፌርሚን ኦያርሱን ማታ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝምባት እጇን ከሊጡ ታነሣለች፤ እርሱም ያንን አይቶ ያሳጥረዋል። በኋላ ዘመኗ ከዚያ ቤት አብዝቶ የናፈቃት ይህ ነበር።

ዶን ፌርሚን ለዓመታት፣ መርከብ በወንዝ በሚገባባት የወደብ ከተማ ጋዜጣ፣ ይህ ምድር በራሱ ሰፋሪዎች እጅ ይቅና፤ የሩቅ ሹማምንትም የከብት ኩባንያዎችም አይዘዙበት ሲል ኖሯል። የሳንቲያጎ ሹማምንት ዛፍ የሚያውቁት ወንበር ከሆነ በኋላ ነው እያለም ያስቅ ነበር። ሕጉ ደን ያቃጠለውን ባለመሬት ያደርጋል፤ ሰዉ ግን «ማጽዳት» እንጂ «ማቃጠል» አይልም፤ እርሱም በጽሑፉ ሁሉ «አጽዱ፤ የእናንተ ይሁን» ይል ነበር።

በዚያ ጧት ዳቦው ሳይጋገር፣ ከወንዙ በላይ የሰፈረው ቤላርሚኖ ካርካሞ ደረሰ። ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ እየመጠጠ ስለ ላሞቹ አወራ፤ ስለ መንገዱም አማረረ፤ ጉዳዩን ያወጣው ሁለተኛው ከተቀዳለት በኋላ ነው። የመንግሥት የመሬት መርማሪ በመጪው ወር ይመጣል፤ በወንዙ ዳር ያለው ተዳፋት ግን ሚስቱ ጥላውን ስለምትወድ ገና ደን ነው።

«ካልጸዳ መሬቱ አይሰጥህም አሉኝ» አለ። «ሴትዮዋ ደግሞ ከነካኸው እራትህን ራስህ አብስል ትለኛለች። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ዶን ፌርሚን፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው።»

ክሎሪንዳ እጇን ከሊጡ አነሣች።

«ፌርሚን፣ ያቺ ተዳፋት ብትቀርስ?»

ባሏ አያት፤ ከዚያም ወደ እንግዳው ዞረ።

«አጽዳው፣ ቤላርሚኖ። ደን መልሶ ይበቅላል። መሬት ግን አንዴ ከተወሰደብህ አይመለስም።»

ከልቡ ነው ያለው። ተዳፋቱም በሳምንቱ ተቃጠለ፤ እሳቱ ከጎረቤት እሳት ጋር ተገናኝቶ እስከ ክረምቱ ዝናብ ነደደ፤ በከተማዪቱም ከጢሱ የተነሣ በቀን ፋኖስ ይበራ ነበር። ቤላርሚኖ መሬቱን አገኘ፤ ሚስቱም እራት አልነፈገችውም፤ ወደ ወንዙ በሚያየው መስኮት ላይ ግን መጋረጃ ሰቀለችበት። ደኑ አልተመለሰም፤ የተራቆተውን አፈር ዝናቡ በየክረምቱ ወደ ወንዙ አወረደው።

ዶን ፌርሚን ከዚያ ወዲህ «አጽዱ» የሚለውን ቃል አልጻፈም፤ ለምን እንደ ተወው አልተናገረም፤ ክሎሪንዳም አልጠየቀችውም። እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ መንገድ በስሙ ተጠራ፤ ተማሪዎችም ምድሪቱን ያቀና ሰው እያሉ ያነሡታል፤ ሐሰትም አይደለም። ክሎሪንዳም በየበዓሉ ሲጠሯት ትሄድ፣ ከፊት ያስቀምጧት፣ አመስግናም ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

ከተማዪቱ ዛሬም ፑዌርቶ አይሴን፣ የአይሴን ወደብ፣ ትባላለች። ወንዙ በደለል ስለ ሞላ መርከብ አይደርስባትም።