ያልተቀመሰው ምሳ ዕቃ

«እትዬ ብዙወርቅ፣ ወረቀቱን ወስዶ ባይመልስልኝስ?»

ማህሌት ይህን ስትጠይቅ ድምጿ ተሰበረ። ብዙወርቅ እጇን ሰዳ የልጅቷን ጉልበት መታ መታ አደረገችው።

የተቀመጡት ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት፣ ጠያቂ ከሚያርፍባቸው የላስቲክ ሻይ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ሐሙስ ጠዋት። የሚሊኒየሙ በዓል ካለፈ ሰንብቷል፤ ጌጡ ግን ደብዝዞ ገና ከጣሪያው ሥር ይርገበገባል። በየአግዳሚው እናቶች፣ ሚስቶች፣ እህቶች። በየጭናቸው ምሳ ዕቃ። እዚህ ማንም ማንንም አይመረምርም። ሁሉም የሚያለቅስለት የራሱ ሰው አለው።

ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ብዙወርቅ ሰላይ ነበረች። ስሙም የራሷ አልነበረም። በመሥሪያ ቤቷ «አሞሌ» ነው የምትባለው። ሃምሳውን ያለፈች፣ ነጠላ ያጣፋች፣ በላስቲክ ጫማ የምትጎተት ሴት። ልጇ አምባው የታሰረባት ምስኪን እናት። አምባው የሚባል ልጅ ወልዳ አታውቅም። ጭራሹን ልጅ ወልዳ አታውቅም።

ከክረምት ወዲህ አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አሰለፈች ከምትባል ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይታለች። ማህሌት የአሰለፈች ልጅ ናት። ባሏ ጥርሷን ካወለቀላት በኋላ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ተሰብስበው አፋቷቸው። ወረቀት ጽፈው ሦስቱም ፈረሙ። «ልጅቱ ሳምራ ከእናቷ ጋር ትሁን» የሚል ቃል አለበት፤ ባልየውም ሽማግሌዎቹን ፈርቶ ፈርሞበታል። ዛሬ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አፈር ገብተዋል፤ ሦስተኛው ጃጅተው የገዛ ልጃቸውን አይለዩም። ባልየው ከእንግዲህ ማንን ይፈራል?

ማህሌትን ጣሊያን የሚኖር አንድ ደህና ሰው ላግባሽ፣ ልጅሽንም ላሳድግ ብሏታል። ኤምባሲው የፍቺ ማስረጃ አምጪ አላት። እሷም የሽማግሌዎቹን ወረቀት በንጹሕ መሀረብ ጠቅልላ ወሰደች። የአቃቂ ሰው፣ ሽማግሌ ያሰረውን ሽማግሌ ይፈታዋል ብሎ ነው የሚኖረው። ፍርድ ቤት ያልወሰነው፣ ያልተተረጎመ፣ ውጭ ጉዳይ ያላረጋገጠው ፍቺ ግን ባሕር አይሻገርም። መለሷት።

መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ፍርድ ቤት ሄዶ ማመልከት፣ ወረቀቱን ማሳየት፣ ባልየውን ማስጠራት ነው። ያጉላላል እንጂ ይሆናል። ብዙወርቅ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

አልነገረቻትም።

ማጥመጃ ያስፈልጋት ነበር። ወንድዬ የሚባል ደላላ የየመሥሪያ ቤቱን ማህተም አስመስሎ ያስቀርጻል። በዚያ ማህተም የባዕድ አገር ሰላዮች የጋብቻና የፍቺ ወረቀት እያሠሩ፣ በሰው ስም ይገባሉ፣ በሰው ስም ይወጣሉ። ማህተሞቹ የት ነው የተደበቁት? ወንድዬን የሚከልልለትስ ማነው? ተልዕኮው ይኸው ነው። ወንድዬ ደግሞ የተዘጋጀ እንባ ያውቃል። የእውነት የተቸገረች፣ የእውነት የምታለቅስ ሴት ይዛለት መምጣት ነበረባት።

«አይቶ ይመልሳል» አለቻት ማህሌትን በመጨረሻ። አለቃዋ ፍቅሩም እንዲሁ ብሏት ነበር። ፍቅሩ በሥራ ስሙ «ሐዲድ» ነው። «ወረቀቷን በእጄ እመልስላታለሁ። ልጅቷን ዝንብ አያርፍባትም» ብሎ ምሏል።

ወንድዬ ገባ። የቆዳ ጃኬት፣ ሁለት ሞባይል፣ አፉ ላይ ስቴኪኒ። በእናቶቹ እግር ላይ እየተረማመደ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ሙሽራዋ ይቺ ናት?»

«እሷ ናት፣ የኔ ልጅ።»

«ጣሊያን ድረስ ፓስታ ልትቀቅይ?» ሳቀ። «በይ ወረቀቱን።»

ማህሌት ከደረቷ አወጣችው። ጣቶቿ ግን አልለቅ አሉ። ወንድዬ ሳብ አድርጎ ወሰደውና አነበበው።

«አይ የአቃቂ ሽማግሌ! ፊርማ በፊርማ፣ አንድ ማህተም የለ። ይኼ የዕድር ቃለ ጉባኤ ነው እንጂ ፍቺ ነው? ግድ የለም፣ እኛ ፍርድ ቤት እናደርገዋለን። ሂጂ፣ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ተነሽ።»

ማህሌት ወጣች። የወንድዬ ሳቅም አብሯት ወጣ።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚጠይቁት?»

«ልጄን። አምባውን።»

«ዛሬ አገኙት?»

«ምን አገኘዋለሁ። ፈትሸው አስገብተውኝ፣ ሲጠሩት ቀጠሮ ወጥቷል አሉኝ። ምግቡን ይዤ ተመለስኩ።»

ምሳ ዕቃውን ከጭኗ ላይ አንስቶ ከፈተው። ምስር ወጥ። እንጀራው እንደታጠፈ ነው። ጥጉ አልተቆረሰም።

«ሲፈትሹ አላስቀመሱዎትም?»

ለእስረኛ ምግብ ያመጣ ሰው በሩ ላይ ቆርሶ ይቀምሳል። ይህን በዚህ ሰፈር የጡት ልጅ ያውቀዋል። ለዚያም ነው ብዙወርቅ በየጠዋቱ ከቤት ሳትወጣ የእንጀራዋን ጥግ የምትቆርሰው። ዛሬ ረሳችው። ሳምራ ስትስል ነበር ያደረችው። ማር በሎሚ ስታልሳት፣ ሹራቧን እስከ አንገቷ ስትቆልፍላት፣ ብርድ እንዳይመታት በሩን ስትወትፍ ረሳችው። ሰላይ የሰው ልጅ አቅፎ ማሳደር የለበትም። ግን ሕፃን ልጅ እየሳለ ማን አስችሎት ይተኛል?

«ሰው ነግሮኛል» አለ ወንድዬ ዝግ ብሎ። «ልጅ ታስሮብኛል የምትል አሮጊት ከመጣች ምሳ ዕቃዋን ክፈት፣ ጥጉን ቤቷ ነው የምትቆርሰው ብሎኛል። ማነሽ አንቺ?»

እርስዎነቱ ቀረ።

የምሳ ዕቃውን ብልሃት የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ፣ እየሳቀች ራሷ ነግራዋለች።

ሐዲድ።

ሸጧታል።

ጃኬቱ ገለጥ ሲል የጩቤው እጀታ ታያት። ማዶ ደግሞ ማህሌት ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆማ በመስታወቱ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ለፎቶ። ለጣሊያን።

ብዙወርቅ አለቀሰች። እንባ ሥራዋ ነው።

«አትግደለኝ፣ የኔ ጌታ። እውነት ነው፣ የታሰረ ልጅ የለኝም። እንዲህ በይ ያለችኝ እሷ ናት።»

«ማን እሷ?»

«ማህሌት። የመንግሥት ሰው ሳትሆን አትቀርም። እኔ ደሃ ነኝ፣ የቤት ኪራይ ቢጨንቀኝ እሺ አልኳት። ምን አውቄ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መመለሻ የለውም።

ወንድዬ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ደወለ። ስልኩ ጯሂ ነበር።

«ጋሼ፣ አሮጊቷ አይደለችም። ወጣቷ ናት።»

«ሁለቱንም ይዘህ ጠብቀኝ። መጥቼ ራሴ እለያቸዋለሁ።»

ድምፁን አወቀችው። ፍቅሩ ነው። መጥቶ ካያት አለቀላት።

እጇ ነጠላዋ ሥር ገባ። ፍቅሩ የማያውቀው አንድ ቁጥር ነበራት። የሁሉም የበላይ የሆኑት ሰቦቃ፣ «ቤቱ ከውስጥ ከነደደ» ብለው የሰጧት ነው። በየጠዋቱ ደውላ ሳይነሳ ትዘጋዋለች፤ የመጨረሻው ጥሪ ሁልጊዜ እሱ እንዲሆን። የሞባይሏን አረንጓዴ ቁልፍ ሳታይ ሁለቴ ተጫነች።

ማህሌት ፎቶዋን ይዛ ስትመለስ ወንድዬ ሁለቱንም መኪናው ውስጥ አስገብቶ የማህሌትን ስልክ ቀማ። ቦርሳዋን በረበረ፣ ኪሷን ፈተሸ። አሮጊት ማን ይፈትሻል?

«ወዴት ነው የምትወስደን፣ የኔ ልጅ? እግሬ እኮ አይችልም።»

«ዝም በይ። ከአሮጌው ዱቄት ፋብሪካ ጀርባ ነው።»

«ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ? አረንጓዴ በር ያለው?»

«ሰማያዊ! ምላስሽን ልቁረጠው ይቺ አሮጊት?»

መስመሩ ክፍት ነበር።

ሰማያዊው በር ከኋላቸው ተዘጋ። ግቢው ውስጥ ማዳበሪያ ተከምሯል፤ ጓዳው ውስጥ አንድ የፉርሽካ በርሜል ቆሟል። ወንድዬ ማህሌትን በጥፊ አላት። ወደቀች። በወደቀችበት በእግሩ ደገማት።

«ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለማንም! ቡቲክ ነው የምሠራው! እትዬ፣ ኧረ ይንገሯቸው! እናቴ ቤት አይደለም እንዴ የሚኖሩት? ልጄን አይደለም እንዴ አቅፈው ያደሩት?»

ብዙወርቅ ነጠላዋን አጠበቀች። ነገሩ በአንድ ቃል ይበላሻል። የሰቦቃ ሰዎች እስኪደርሱ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜው ደግሞ የሚገዛው በማህሌት ገላ ነው።

«ያደረግሽውን አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ልጄ» አለቻት።

ማህሌት ማልቀስ አቆመች። ቀና ብላ አየቻት። ከጥፊውም ከርግጫውም ያ አስተያየት ይከፋ ነበር።

ወንድዬ የሽማግሌዎቹን ወረቀት በላይተር ለኮሰው።

«እንግዲህ ባልሽን ሄደሽ ለምኚው። ደግሞ ይፈርምልሻል።»

«ልጄ ናት እኮ እዚያ ላይ ያለችው! ልጄ!»

በጉልበቷ ሄዳ ተወረወረች። የደረሰችው አመዱ ላይ ነው። በመዳፏ ልትሰበስበው ሞከረች፤ አመድ መቼ ይሰበሰባል።

ብዙወርቅ ግን የምታየው ሌላ ነበር። ወንድዬ ፉርሽካው ውስጥ እስከ ክንዱ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ቤቱ ተነቅቷል፣ እናዛውረው» አለ ለራሱ። ጨርቁ ተፈታ።

ማህተሞቹ።

በሩ ተንኳኳ።

ፍቅሩ ገባ። አያት። አየችው።

«ሐዲድ።»

«አሞሌ።» ከንፈሩን መጠጠ። «አሞሌን ውሃ እንዳይነካው ነበር የሚጠብቁት። አንቺን ሕፃን ልጅ አሟሟሽ።»

ወደ ወንድዬ ዞረ።

«አንተ ጅል! አሮጊቷ ናት።»

ጩቤው ተመዘዘ።

አንድ እርምጃ።

ሌላ እርምጃ።

ሰማያዊው በር ከነመቃኑ ወደቀ።

ሰቦቃ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ጠበቋት። ሸምገል ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፍቅሩና ወንድዬ በካቴና ሲወሰዱ ዞር ብለውም አላዩ።

«ጎሽ። ሥራው አለቀ።»

«ልጅቷስ?»

«ሐሰተኛ ማህተም ልታስመታ የሄደች ናት። ፎቶዋም ኪሷ ውስጥ ተገኝቷል። ፖሊስ ይዟታል።»

«ፍርድ ቤት ሂጂ ሳልላት የቀረሁት እኔ ነኝ። ወደ ደላላው የመራኋት እኔ ነኝ።»

«ይህን የሚመሰክር ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺማ የለሽም» አሉ ሰቦቃ፣ እንደ አባት፣ ለስለስ ብለው። «ብዙወርቅ የምትባል ሴት መዝገብ ላይ የለችም። ዕቃሽን አውጪ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም።»

አቃቂ ስትደርስ አሰለፈች ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብላ ምሳ ዕቃ ትሞላ ነበር። የብዙወርቅን እግር ስትሰማ ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል።

«ሰማሽ፣ ብዙዬ? ጣቢያ ናት አሉኝ። ፎርጅድ አሠርታ ነው አሉኝ። የኔ ልጅ! የሰው መርፌ እንኳ የማትነካ! ያ ጨካኝም ሰምቷል። ወረቀት ከሌላት ነገ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ ብሎ ልኮብኛል። የሚያሳድጋት መስሎሻል? ሰካራም ቤት፣ እንዲህ እየሳለች፣ ማን ያለብሳታል? ማን ቀና ብሎ ያያታል?»

ሳምራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የሹራቧ ቁልፍ ተፈትቷል። ብዙወርቅ ተንበርክካ አንድ በአንድ ቆለፈችላት። ልጅቷ እጇን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም። ብዙወርቅ እጁን ቀስ ብላ አነሳችው።

ከዚያ ክፍሏ ገብታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አሰለፈች ሻንጣውን ልብ አላለችውም። ምን ልብ አላትና?

«አንቺ አብረሻት ነበርሽ፣ ሁሉንም አይተሻል። ነገ ፍርድ ቤት ቆመሽ ትመሰክሪላታለሽ። ፈጣሪ አንቺን ባያመጣልኝ ምን ይውጠኝ ነበር? አሁን ደግሞ በሩ ላይ ያስቀምሳሉ አሉኝ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ፖሊሶቹ መርዝ ያለበት ይመስላቸዋል። አንቺ በአምባው ለምደሽዋል፣ አብረሽኝ ሂጂ። እስቲ ጨውም በዝቶ እንደሆነ ቅመሺልኝ።»

ምሳ ዕቃውን ዘረጋችላት።

ብዙወርቅ የእንጀራውን ጥግ ቆረሰች። አፏ ውስጥ ከተተችው።

«ትመሰክሪላታለሽ አይደል፣ ብዙዬ?»

ብዙወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሻንጣዋን አነሳች። ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ከቤት ወጣች።