ለምትኬ የሠራሁት መደብ

ስለ ሙት መንፈስና ስለ ዛር የሚያወራ ሰው ፊት ሳልስቅ ተነስቼ አላውቅም፣ ምን ላድርግ፣ የቤተ ልሔም ደብተራ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ለሰው ክታብ ጽፈው ከሸኙ በኋላ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲስቁ እያየሁ ነው ያደግሁት። ደግሞ ይህ በሌሊት የሆነ ነገር አይደለም፣ በሌሊት ቢሆን ሕልም ነው ብዬ በተገላገልኩ፣ በቀን ነው፣ በነሐሴ፣ አርብ ገበያ ከተማ ላይ ጉሙ ወርዶ ከደጃፍ ወዲያ ምንም በማይታይበት ሰሞን። እመኑኝ፣ ጤነኛ ነበርኩ፣ ጠላም አልቀመስኩም።

ዘመኑ የንጉሡ ጊዜ ነው፣ ባሌ ይርጋ እዚያው አርብ ገበያ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። የበኩር ልጃችን ደጀኔ በሁለት ዓመቱ ትኩሳት ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞተብን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ምትኬ አልናት፣ ለምን እንዳልናት አታጡትም። እሷም ያን ክረምት ሁለት ዓመት ሞላት፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ቀን መቁጠር ጀመርኩ፣ ባስነጠሰች ቁጥር ልቤ ይቆም ነበር።

ይርጋ ለክረምት ኮርስ ጎንደር ሊሄድ ሲል «የሺ፣ እንዲህ ስትፈሪ ልጅቱንም አስፈራሻት፣ ጓዳዋን የሷ ክፍል እናድርግላት፣ እስክትዳር የምትኖርበት» አለኝ። እስክትዳር! ቃሉ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። እሱ ለእንቁጣጣሽ ሲመለስ ጨርሼ ላስደንቀው ብዬ እህሉን ከጓዳ አወጣሁና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

አሠራሩን ራሴ ነኝ ያሰብኩት። ለመኝታዋ የጭቃ መደብ፣ ግን የእግርጌው ጫፍ ድንጋዩ ሳይመረግ ክፍት የሚቀር፣ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ቤት ሲመረግ ስንዝር ስንዝር የሚጨመርበት። ግድግዳውን ለሁለት ከፈልኩት፣ እጇ የሚደርስበትን በነጭ አፈር ቀብቼ በቀይ አፈር ወፍና ዶሮ ሣልኩበት፣ ከዚያ በላይ ያለውን ፊደል ስትቆጥር አባቷ ገበታ እንዲሰቅልበት ባዶ ተውኩት። የቀሚሷን መስቀያ ኩላብ በደረቷ ልክ ግድግዳው ላይ ተከልኩ፣ ስታድግ እሱም ከፍ ይላል። ለመደቡ ልክ የሚሆን እንጨት ስፈልግ ጎተራው ጣራ ሥር የተሰካ ሸንበቆ አገኘሁ፣ ምትኬ ቁርበቱ ላይ እንደተኛች ከራሷ እስከ ተረከዟ ለካኋት፣ አራት ስንዝር። አንድ ስንዝር ጨምሬ መደቡን በአምስት ሠራሁት፣ በእበትና በጭድ ለስኜ ለስላሳ አደረግሁት።

ይህን ስሠራ ጎረቤቴ እትየ ውዴ እሳት ሊጭሩ ገቡ፣ ደጀኔን ያዋለዱኝም የገነዙልኝም እሳቸው ናቸው። ሸንበቆውን እጄ ላይ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«በሱ ለካሻት?»

«አዎ፣ ምነው?»

«በሕይወት ያለ ሰው በሸንበቆ ይለካል? ለጉድጓድ ነው እንጂ!»

«ይተዉኝ እትየ፣ የአልጋ ልክ ነው» ብዬ ሳቅሁባቸው። አልሳቁም፣ እሳቱንም ሳይወስዱ ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ፣ ምትኬ ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ ከጓዳ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሸርተት፣ ሸርተት። ጭቃ የሚለስን እጅ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ የራሴን እጅ ስሰማ ውያለሁ። ድመት ናት አልኩና ልጅቱን አስተኝቼ ገባሁ፣ ማንም የለም፣ ጓዳዋ ሌላ በር የላትም፣ መስኮቷም የራስ ቅል አታሳልፍም። መደቡ ግን ክፍት የተውኩት ጫፉ ተመርጎ ነበር። በስንዝሬ ለካሁት፣ ስድስት ተኩል። ትናንት ተሳስቼ ነው እንዳልል፣ የመጨረሻዋን ድንጋይ ሳትመረግ በእጄ ነክቻት ነበር የወጣሁት።

ለማንም አልተናገርኩም። የመምህር ሚስት ነኝ፣ ገበያው ሁሉ እንዲስቅብኝ? በሦስተኛው ቀን ጠዋት የምትኬን ቀሚስ ልሰቅል ስገባ ኩላቡ ከቦታው የለም፣ ሽቅብ ከስንዝር በላይ ከፍ ብሎ ተተክሏል፣ የድሮው ቀዳዳው በእርጥብ ጭቃ ተደፍኗል፣ ጭቃው ላይ አራት ጣት ታትሟል። የራሴን ጣት ብገጥምበት ከአሻራው ተረፈ። ምትኬን አምጥቼ እጇን ብገጥምበት አሻራው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እሷ ደግሞ አልፈራችም፣ ወደ መደቡ እያየች ትስቃለች፣ ሰው ሲያጫውታት እንደምትስቀው አንገቷን ሰብራ። እቅፍ አድርጌ ከጓዳ አወጣኋት።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰውነቷ ጋለ። ትኩሳቱን በመዳፌ አወቅሁት፣ የዛሬ አራት ዓመት የነካሁት ያው ትኩሳት ነው። አዝያት በዝናብ እየሮጥኩ እትየ ውዴ ቤት ገባሁ፣ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ መቁጠሪያቸውን ጣሉና ደረታቸውን መቱ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ!» አሉ። «ያ ሸንበቆ ደጀኔ የተለካበት ነው። ቆፋሪዎቹ ለክተው ሲያበቁ ለኔ ሰጡኝ፣ ሸንበቆው ካፈሩ ጋር ይቀበራል፣ እንደዚያ ነው ወጉ። አንቺ ራስሽን ስትስቺ አንቺን ልይዝ ስል ጎተራው ጣራ ሥር ሰካሁት፣ ረሳሁት የኔ ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ ረሳሁት።»

መቁጠሪያቸውን አንስተው «ደጀኔ ቢኖር ስንት ዓመቱ ነበር?» አሉኝ።

ስድስት። መጠየቅም አያስፈልግም ነበር፣ የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ስንት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በየመስከረሙ ይርጋ ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆሜ አዲስ የሚገቡትን ልጆች በዐይኔ ስለካ ነው የኖርኩት። ኩላቡ የተተከለው በእነሱ ደረት ልክ ነው። መደቡም በነሱ ቁመት ልክ ነው። ልጄ በሸንበቆው ተለክቶ ክፍል ሲሠራ አይቶ የሱ መስሎት መጥቷል።

«አፍርሺው» አሉ እትየ ውዴ። «አሁኑኑ፣ እንዳትለምኚው፣ እንዳታናግሪው። ሸንበቆውን እኔ መቃብሩ ላይ እቀብረዋለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማፍረስ አልፈለግሁም። እናት ናችሁ እንበል፣ አራት ዓመት ያለቀሳችሁለት ልጅ በእጁ ጭቃ እየለሰነ መኝታውን ሲያበጅ ዶማ ታነሱበታላችሁ? ግን ምትኬ ጀርባዬ ላይ ታቃስታለች፣ ትንፋሿ አንገቴን ይፈጀዋል። ልጅቱን ለሳቸው ትቼ ቤት ገባሁ፣ ዶማውን አነሳሁ። ከመምታቴ በፊት መዳፌን መደቡ ላይ አሳረፍኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የነሐሴ ጭቃ ነው፣ በረዶ መሆን ነበረበት፣ ዳር ዳሩም በረዶ ነበር፣ መሃሉ ግን ሞቆ ነበር፣ አሁን ልጅ ተኝቶበት የተነሳ ያህል ሞቆ ነበር።

መታሁት። እያለቀስኩ መታሁት፣ ድንጋዩ እስኪበተን፣ የሣልኳቸው ወፎች እስኪረግፉ፣ ኩላቡን ነቅዬ ወደ ውጭ ወረወርኩ። ስመታ አንድም ድምፅ አልነበረም፣ ያ ነው የባሰብኝ፣ ቢጮህ ወይ ቢያስፈራራኝ ይሻለኝ ነበር። ስጨርስ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዘግቼው የገባሁ ይመስለኛል፣ አልምልም።

ማታ ላይ ምትኬ ከእትየ ውዴ ቤት ካመጣኋት በኋላ ላብ አላባት፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ወተት ለመነች። ወባ ነበር፣ ብርድ ነበር ይላል ይርጋ፣ ነገሩን ስነግረው እንደተማረ ሰው አዳመጠኝ፣ መደቡን ማን እንዳስረዘመው ስጠይቀው ግን ወሬ ይለውጣል፣ ከዚያ ወዲህም ጓዳ ብቻውን ገብቶ አያውቅም። ምትኬ አድጋ ተድራለች፣ ልጆችም ወልዳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ግን ያን ማታ፣ ወተቷን ከጠጣች በኋላ፣ ከጎኔ ላስተኛት ቁርበት ሳነጥፍ ተነስታ ተቀመጠች። ስለ ወንድሟ አንድ ቀን እንኳ አንስተንላት አናውቅም። ውጭ ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል፣ ወደ በሩ እያየች «እሱስ?» አለችኝ።

ተኚ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? በዚያ ዝናብ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።