ለረቡዕ አጥቢያ የተነሳ ፎቶ

ጀብሪል በሥራ ቀን ከሪያድ ደውሎ አያውቅም። ስለዚህ ስልኩ ሲጠራ እናቱ ሀጀራ ገና «ሄሎ» ሳትል ፊቷ አመድ መሰለ። ልጇ ባሕር ከተሻገረ ጀምሮ እያንዳንዱን ጥሪ እንደ መርዶ ነበር የምትጠብቀው።

የሞተም የታመመም አልነበረም። ጀብሪል እህቱን ፈርሂያን አቅርቢልኝ አለ።

«ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶ ቤት ምን ትሠሪ ነበር?» አላት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ፎቶ ነው። ጀብሪል ምን አክለሽ እንደሆነ ልይሽ ብሎ ስለለመናት፣ መካነ ሰላም ገበያው ጀርባ ካለችው ፎቶ ቤት ተነስታ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል ልካለት ነበር። ወንድሟ መቼ እንደተነሳችው ለማወቅ ስልኩ ላይ የፎቶውን ዝርዝር ከፈተ፤ ሰዓቱን አየ። ከኋላዋ ጥቁር መጋረጃ ስለነበር ቀንም ይሁን ሌሊት አይለይም።

ፈርሂያ በጠዋት እንደነበር በአላህ ስም ማለችለት። ፋይል አይዋሽም አላት። ለእናቱም ቁርጡን ነገራት፤ ቅዳሜ ወግዲ አክስቷ ቤት ትሂድ፣ እዚያ ለትዳር የሚጠይቃት ሰው አለ፣ ካልሆነ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ። ስልኩ ተዘጋ።

ሀጀራ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ቀና ብላ አየቻት።

«ያን ሌሊት እኔ ለቅሶ ቤት ነው ያደርኩት» አለች።

ፈርሂያ ገባት። ቤት ውስጥ መተኛቷን ያየላት ሰው አልነበረም።

ደግሞ ያስፈራት ሐሰቱ ብቻ አይደለም። ከሐሰቱ ሥር እውነት ነበር፤ እውነቱም ስሙ ፋሩቅ ነው፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጀብሪል በሄደ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ነው። ሀጀራ ልጇን ዳግመኛ የማታየው መስሏት፣ ካሜራ አንግቶ የሚያልፍ ወጣት ስታይ «እባክህ ከልጄ ጋር አንሳኝ» ብላ ለመነችው። ፋሩቅ አነሳቸው። ከዚያ ካሜራውን ከዓይኑ ሲያወርድ፣ ዳር ቆማ የምታለቅሰውን ልጅ አየ። ከኪሱ መሀረብ አውጥቶ ሰጣት። መሀረቡን አጥባ ልትመልስ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኮሌጅ ስትሄድ የምታልፈው በፎቶ ቤቱ በር ሆነ። ሰላምታ፣ አንድ ሁለት ቃል፣ ከዚያ ዝምታ፤ ዝምታው ከቃሉ ይረዝም ነበር። ሽማግሌ ልልክ ነው ካላት ሳምንት አልሞላውም።

ሀጀራ ነጠላዋን አንስታ ተከናነበች። «ተነሺ። ፊቱን አይቼ ልጠይቀው።»

በገበያው መሃል ሲያልፉ፣ ሰላም ያላቸው ሁሉ የሰማ መሰላቸው። ፈርሂያ እግሯ ስር ብቻ እያየች ተራመደች።

ፋሩቅ እናትና ልጅን አንድ ላይ ሲያይ ደነገጠ። ነገሩን እንደሰማ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና ዝርዝሩን አወጣ።

«ሦስት ሰዓት ነው የሚለው» አለ። «ልክ ነው፣ ያነሳኋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ የሚባል እዚህ የለም።»

«ልጄ ዘጠኝ ነው ያለው» አለች ሀጀራ።

ሦስቱም ወደ ቁጥሩ አፈጠጡ። አንድ ሰው ነክቶት ይሆን? ስሟን ለማጥፋት? ፋሩቅ ላቡን ጠረገ።

«ከፈለጉ ሰዓቱን እለውጠዋለሁ፣ እትዬ። ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ እንዲል አድርጌ እንደገና እልክላችኋለሁ።»

«እንዳትነካው» አለች ፈርሂያ። «ከነካኸው ያኔ ውሸታም እንሆናለን።»

በእናቷ ፊት ቀና ብላ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። እሱም አያት፤ ከመዳፊቱ ላይ እጁን አነሳ።

ሀጀራ ግን በጣቶቿ ትቆጥር ነበር። ልጇ ከሄደ ወዲህ ሳትቆጥር ደውላ አታውቅም፤ ተኝቶ እንዳትቀሰቅሰው፣ ሥራ ላይ ሆኖ እንዳታስቆጣው። እኛ አንድ ስንል እነሱ ሪያድ ሰባት፣ እኛ ሁለት ስንል እነሱ ስምንት።

«እነሱ ሌሊት ሦስት ሲሉ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኛ ዘጠኝ ነው የምንለው።»

ፋሩቅ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ግንባሩን ያዘ። ካሜራውን የገዛ ዕለት ሰዓት ሙላ ሲለው፣ የእጁን ሰዓት አይቶ ሞልቶት ነበር፤ አገሩ በሚቆጥረው። ካሜራው ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ የጠዋቱን ሦስት የሌሊት አድርጎ ይጽፈዋል። እዚህ ላለ ሰው ቁጥሩ ልክ ነው። ሪያድ ሆኖ ለሚያነበው ግን እኩለ ሌሊት ያለፈ ነው።

«ቢነግሩት አያምንም» አለች ሀጀራ። «መክረው ነው የሚለው። ይመጣል፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።»

ፈርሂያ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ጀብሪል፣ አትዝጋ» አለችው። «የሄድክ ቀን ከእማዬ ጋር መናኸሪያ የተነሳኸውን ፎቶ ክፈት። እሱም በፋይል ነው የተላከልህ። ያነሳው ያው ካሜራ ነው።»

ሲፈልግ ይሰማል። ያ ፎቶ እንደማይጠፋበት ታውቃለች፤ ናፍቆት ሲብስበት የሚያየው እሱን ነው።

«ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ጨፍኛለሁ» አለ ሲያገኘው።

«ዝርዝሩን እየው። ስንት ሰዓት ይላል?»

ሀጀራ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል» አለ ጀብሪል። «እማዬ ጥላዬ ላይ ቆማ... አፉ በይኝ፣ እህቴ።»

ፈርሂያ ግድግዳውን ተደገፈች። ጀብሪል ግን አልጨረሰም።

«ሰዓቱስ እሺ፣ ተሳስቷል። አስተያየትሽስ? ካሜራ እንዲህ አይታይም። ከካሜራው ኋላ ማንን ነው የምታዪው?»

ከሁሉ ይልቅ የፈራችው አሁን ነው። ፋሩቅ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ጥያቄውን ባይሰማም ከፊቷ አነበበው። አይ ብትል ሁሉም በዚህ ያበቃል፤ ወግዲም ይቀራል።

«አስተያየቴ አልተሳሳተም» አለች።

ወንድሟ እናቱን እንድትሰጠው ጠየቃት። ሀጀራ ጀርባዋን አዙራ አዳመጠች፤ እሺ፣ እሺ ብቻ እያለች። ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን አስተካከለች። ማንም ምን አለ ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም።

«ሽማግሌ ላክ ብሎሃል» አለች ፋሩቅን ሳታየው። «በቀን ይሁን ብሏል።»

ፈርሂያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልለየም።

እናቷ በሩን አልፋ ወጣች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ እንደ ልማዷ አንድ ስጋት መጣባትና ተመለሰች።

«ደግሞ ያንን ካሜራ ዛሬውኑ አስተካክል» አለችው። «የሠርጉንም ፎቶ ልጄ ከፍቶ ነው የሚያየው።»