ግቡ እንጂ

ማርሲላስ የመሣሪያ ሻንጣዋን ይዛ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ስትደርስ፣ የአቶ ጥላዬ በር ኢንስፔክተር ደሳለውን አላስገባም ካለ አርባ ደቂቃ አልፎታል። በጮቄ ተራራ ላይ በተሠራው ከተማ ይህ ብቻውን ማንንም አይገርምም። ነፋስ በበረታ ቀን ሕንፃው ራሱ ፊቱን ያዞራል፤ በር እምቢ ማለቱ ምን ይደንቃል? ግራ የሚያጋባው ሌላ ነው። ሽማግሌው ከውስጥ ሆነው ሦስት ጊዜ «ግቡ» ብለዋል፤ ኢንስፔክተሩ በገዛ ጆሮው ሰምቷል።

በከተማዋ ሕግ ፖሊስ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልያዘ ሰው ቤት የሚገባው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። መፍቀድ አለመፍቀዱን ግን ፖሊሱም ባለቤቱም አይመሰክሩም፤ ሁለቱም ሊዋሹ ይችላሉ ተብለው ይጠረጠራሉ። የሚመሰክረው ደጅሰሚ ነው፤ ደጅ ላይ የሚባለውን ሰምቶ ፈቃድ መሆን አለመሆኑን የሚወስን፣ በየበሩ የተተከለ መሣሪያ። እሱ ካልመዘገበ በሩ አይከፈትም።

ከዚህ ፎቅ አንድ ሰው በጨረር የፖሊስ ድሮኖችን ዓይን እያጠፋ ነው አላት ኢንስፔክተሩ። አሥራ አንዱ ቤት ተፈትሿል፣ የቀረው ይሄ ብቻ ነው። ትዕዛዝ ላውጣ ቢል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ለእሱ ጉዳዩ ግልጽ ነበር፦ ሰውዬው በአፋቸው ግቡ እያሉ በእጃቸው በሩን አበላሽተውታል።

ማርሲላስ ነገሩን አልተቃወመችም፤ አላመነችምም። በስምንት ዓመት የደጅሰሚ ጥገና ሥራዋ ደጅሰሚውን በማስቲካ የደፈነ ባለቤት አይታለች፤ የሽማግሌ ሳል «እሺ» ማለት ነው ብሎ ድርቅ ያለ ፖሊስም አይታለች። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እኩል ትጠረጥራለች። መሣሪያው ሲፈታ ማንም በአጠገቡ እንዳይቆም ደንቡ ያዛልና ኢንስፔክተሩንና አብሮት የመጣውን ሳጅን ወደ አሳንሰሩ እንዲርቁ አደረገች። ኢንስፔክተሩ እያጉረመረመ ሄደ።

ብሎኖቹን ፈትታ የደጅሰሚውን ጆሮ ስትነቅል በሩ ላይ ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ቀረ። በቀዳዳው ማዶ አንድ ዓይን ያያታል።

«ልጄ፣ እነሱ ይሰሙናል?» አሉ አቶ ጥላዬ በሹክሹክታ።

አይሰሙም አለቻቸው፤ በልቧ ግን እንግዲህ ጉዱ ሊወጣ ነው አለች። ጆሮውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ማስቲካ የለም፤ ሰም የለም። ሸረሪት ስሱ ሽፋን ላይ ድሯን አድርታበታለች። መሣሪያው «ግቡ»ን የሰማው እንደ ኮሽታ ነው። ሽማግሌው ምንም አልነኩም።

ታዲያ የሚያንሾካሽኩት ለምንድን ነው? ጠየቀቻቸው። አቶ ጥላዬ ነገሯት። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ፤ በግቢው ሲያልፉ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ወላጅም የኮቱን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ግማሽ አካላቸው ከታመመ ወዲህ እህታቸው እንኳ እንድታያቸው አይፈልጉም። አልጋው ያለው ሳሎን ነው፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። አቶ ጥላዬም ማንም አያይሽም ብለው ቃል ገብተውላቸዋል።

ማርሲላስ በመጠርጠሯ አፈረች።

«ታዲያ ለምን ግቡ አሏቸው?»

«ደጄ ላይ ለቆመ ሰው ምን ልበል?»

የእሷም አባት ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ሽፋኑን እየጠረገች መብታቸውን ነገረቻቸው፦ ትዕዛዝ ከሌለ እምቢ ማለት ይችላሉ፤ እምቢ ማለት ወንጀል አይደለም፤ ደብቀዋል ለማለትም ማስረጃ አይሆንም። ከጥገናው በፊት የተባለው ስለማይቆጠር መሣሪያው እንደገና ይጠይቃቸዋል። አቶ ጥላዬ እንደ ተማሪ አዳመጧት።

ጆሮው ቦታው ተመለሰ። ኢንስፔክተሩም ቅድም «ግቡ» ሲሉ የተቀዳውን አዳምጪው ብሎ ቢከራከር፣ ከጥገና በፊት የተባለው አይቆጠርም የሚለውን ደንብ አሳየችው፤ እያመነታም ቢሆን ተቀበለ። ደጅሰሚው ጠየቀ።

«አቶ ጥላዬ፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲገባ ይፈቅዳሉ?»

«ዛሬ እንኳ… ብዙም አይመቸንም።»

«መልስዎ ግልጽ አይደለም። ይፈቅዳሉ ወይስ አይፈቅዱም?»

ማርሲላስ ብሎን መፍቻዋን ጨብጣ ትጠብቃለች።

«አልፈቅድም» አሉ ሽማግሌው።

ቀይ መብራት በራ። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን መዘገበ፤ ከሰዓት በኋላ ትዕዛዝ ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ከሳጅኑ ጋር ዞረ። ማርሲላስ እፎይ አለች። ሁለቱ ፖሊሶች አምስት እርምጃ ያህል እንደሄዱ ግን የአቶ ጥላዬ ድምፅ ከበሩ ኋላ ተከተላቸው፤ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር።

«ኧረ እንዲህ በቁማችሁ ውላችሁ! ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ? ግቡ እንጂ!»

አረንጓዴ መብራት በራ። «ፈቃድ ተመዝግቧል» አለ ደጅሰሚው፤ በሩም ወደ ጎን ተንሸራተተ።

አቶ ጥላዬ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው የአልጋው ጫፍና ብርድ ልብስ ፊት ላይ ለመሳብ የሚታገል አንድ ክሳት የወረሰው እጅ ታየ። ሳጅኑ ተመልሶ አንድ እግሩን ደፉ ላይ አደረገ። ሕጉ አሁን ከሳጅኑ ጋር ነው።

ኢንስፔክተር ደሳለው የሳጅኑን ትከሻ ያዘ።

«ተመለስ።»

«ጌታዬ፣ ፈቅደዋል እኮ። መዝግቦታል።»

«ይሉኝታ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ ወደ ቤቱ ውስጥ ላለማየት አንገቱን ሰብሮ። «የቅድሙም ይሉኝታ ነበር። ልቤ ያውቀው ነበር።»

በሩን በእጁ ስቦ ዘጋው። ተንሸራታች በር በእጅ ሲዘጋ ከባድ ነው፤ ሁለቴ ታገለው።

ማርሲላስ የጥገና ቅጿን አውጥታ ሞላች፤ ለምስክር ፊርማም ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው። እሱም ቆሞ አነበበው።

«መሣሪያው ጤነኛ ነው ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ጤነኛ ነው። የተባለውን አንድም ሳያስቀር ይሰማል።»

ኢንስፔክተሩ የተዘጋውን በር ትንሽ አየው። ከዚያ ፈረመና፣ ትዕዛዙን ለማምጣት ወደ አሳንሰሩ ሄደ።